ኩላሊቴ ነው ከማለታችን በፊት

(ይህ በጅማ በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡ ጎረቤቶች ስለጠየቁኝ፣ አንድ ልጅ በስልኩ ከቀዳው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ? አሰላሙ አለይኩም። አካም ቡልተን?

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ በዚህ ጭቃ ተነስታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የእድራችን ዳኛ «ሲስተር፣ መዋጮው እስኪሰበሰብ ስለ ጤና የሆነ ነገር ንገሪን» አሉኝ። ስለምን እንደምናገር ለመምረጥ ብዙ አላሰብኩም። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ቤቴ የሚመጣ ጎረቤት ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ነገር አለ። «ሲስተር፣ ወገቤን ያመኛል። ሌሊት ደግሞ ለሽንት ስመላለስ አድራለሁ። ኩላሊቴ ነው መሰለኝ።»

እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ትናንት ሌሊት ለሽንት ከአንድ ጊዜ በላይ የተነሳ ማነው? እጅ አውጡ አልላችሁም። በልባችሁ መልሱልኝ። ሁለቴ? ሦስቴ? አምስቴ? እሺ፣ ይህንን ለማን ነገራችሁ?

የዛሬው ነገሬ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው ያለው። ሰው ወገቡን ሲያመው ለወጌሻ ይናገራል። ለጎረቤት ይናገራል። ለፋርማሲ ይናገራል። ሽንቱን ግን ለማንም አይናገርም። ያፍራል። ወይም «እርጅና ነው» ይላል። ሁለቱ ምልክቶች አንድ ሰው ላይ እያሉ፣ አንድ ጆሮ ውስጥ አብረው ሳይገቡ ዓመት ያልፋል።

አባቴን ያጣሁት እንዲህ ነው።

አባቴ የአጋሮ ሰው ነበር፤ የቡና ነጋዴ። በየወሩ ጅማ እኔ ጋ መጥቶ ያድር ነበር። አንድ ጊዜ ላይ ማደሩን ተወ። ጠዋት ይመጣል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። «አባዬ፣ እደር እንጂ» ስለው «ላሞቹን ማን ያያቸዋል?» ይለኛል። ላሞቹን የሚያይ ልጅ ነበር። ከዚያ ለቅሶ ቤት ማደር ተወ። ከዚያ አዲስ አበባ እህቴ ጋ መሄድም ተወ። መንገዱ ከጅማ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ ሽንቱ በመጣ ቁጥር አይቆምለትም። ይህንን ሁሉ የምገጣጥመው ዛሬ ነው። ያኔ «አረጀ፣ ቤቱን ወደደ» ብዬ ነበር።

ወገቡን ሲያመው ግን ነገረኝ። ወገብ አያሳፍርማ! ቅባት ገዛሁለት። ወጌሻ አሸው። አንድ ክሊኒክ ሄዶ «ኩላሊት ነው» ብለው መርፌ ወጉት። ሽንቱን የመረመረ የለም። «ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ?» ያለው የለም። እኔስ? እኔ ነርስ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አባት «ሽንትዎ እንዴት ነው?» እያልኩ ስጠይቅ እውላለሁ። የራሴን አባት አልጠየቅኩትም። በመጨረሻ የነገረችኝ እናቴ ናት። «ፖፖውን ሌሊት አምስቴ ይጠይቀኛል ልጄ» አለችኝ። ፕሮስቴት የሚባለው የወንድ እጢ ካንሰር ነበር። አከርካሪው ድረስ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ።

ይህንን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ወገቡን የሚያመውና ሌሊት የሚነሳ ሰው አብዛኛው ካንሰር የለበትም። ብዙው ቀላል ነገር ነው። ብዙው ይታከማል። ግን የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሁለቱ ነገር አንድ ላይ ሲነገር ነው። አንድ ላይ!

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። መጀመሪያ ኩላሊት የት እንዳለ እንተዋወቅ።

እጃችሁን ወደ ኋላ አዙሩ። ሁላችሁም፣ ኋላ ያላችሁ ወጣቶችም። የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት ፈልጉ። ኩላሊት እዚያ ነው፤ ከአከርካሪ ግራና ቀኝ፣ ከፊሉ ከጎድን አጥንት ስር ተሸሽጎ። አሁን ደግሞ ሁልጊዜ የሚያማችሁን ቦታ ንኩ። አያችሁ? እጃችሁ ወረደ። የነካችሁት መቀነት የሚታጠቅበትን፣ ቀበቶ የሚታሰርበትን ቦታ ነው። እሱ ኩላሊት አይደለም። እዚያ ያለው ጡንቻ፣ አጥንትና በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ ነው። ስትጎነበሱ ወይም ዕቃ ስታነሱ የሚብስ፣ ጋደም ስትሉ የሚቀል ህመም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። የኩላሊት ህመም ግን ብትቀመጡም ብትተኙም ያው ነው። ወይ ከትኩሳት ጋር ይመጣል፣ ወይ እንደ ምጥ እየሄደ ይመለሳል።

ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ። ኩላሊት ቀስ በቀስ ሲደክም ብዙውን ጊዜ አያምም። ዝም ይላል። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራል፤ ከዚያ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ሌላውን መልሶ ለሰውነት ይሰጣል። ሲደክም ይህንን የመመለስና ሽንትን የማወፈር ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ሌሊት ደጋግሞ መነሳት የደከመ ኩላሊት የመጀመሪያ ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ ወገብ ሳይታመም። «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚል ሰው ኩላሊቱ ደህና ሊሆን ይችላል። ኩላሊቱ የታመመው ሰው ደግሞ ምንም ላያመው ይችላል። ደም ግፊትና ስኳር ያለባችሁ፣ ይህቺን ያዙልኝ።

ሁለተኛው ነገሬ ኢንፌክሽንና ጠጠር ነው።

እህቶቼ፣ ይህ እኛን ይበልጥ ይነካናል። የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የወንድ 20 ገደማ። መንገዱ አጭር ስለሆነ ጀርም በቀላሉ ፊኛ ውስጥ ይገባል። ፊኛ ላይ ሲቆም ሽንት ያቃጥላል፣ ያጣድፋል፣ ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል፣ ከእምብርት በታች ይከብዳል። ወደ ኩላሊት ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ጎን ላይ ይወጋል፣ ያስመልሳል። ይህኛው ቀጠሮ አይሰጥም። በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

ነፍሰ ጡሮች ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ልጁ ፊኛን ስለሚጫን ሌሊት መነሳት ያለ ነው። ወገብም ይከብዳል። ግን «የእርግዝና ነው» ብላችሁ አትተዉት። እኔ ሁለተኛ ልጄን ሰባት ወር ይዤ ሳለሁ ትቼው ነበር። ቅዳሜ ማታ ጥርሴ እርስ በርሱ እስኪጋጭ አንቀጠቀጠኝ። ኩላሊቴ ድረስ የደረሰ ኢንፌክሽን ነበር። አራት ቀን ተኝቼ በደም ስር መድኃኒት ወሰድኩ። ያልታከመ የሽንት ኢንፌክሽን ምጥን ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። ልጄ እዚያ ጋ ቆሟል፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። አላህም እግዜርም ይመስገን። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ክትትል ስትሄዱ ሽንት ስጡ ሲሏችሁ ቸል አትበሉ።

ጠጠርን ያየው ያውቀዋል። ከጎን ይነሳና ወደ ብሽሽት ይወርዳል። የትም መቀመጥ ያቅታል። ሽንት ደም ሊመስል ይችላል። ጠጠሩ ወደ ፊኛ ሲቃረብ ደግሞ ያጣድፋል። ትኩሳት ከተጨመረበት ድንገተኛ ነው።

ሦስተኛው ለአባቶቼ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፕሮስቴት የሚባል እጢ አለ። ወንድ ሁሉ አለው። ከፊኛ ስር ነው፣ በጤናው ትንሽ ሎሚ ቢያክል ነው። የሽንት ቧንቧ በመሃሉ ያልፋል፤ ጣት በቀለበት ውስጥ እንደሚያልፍ። ዕድሜ 50 ሲያልፍ እጢው በብዙ ወንዶች ላይ ያድጋል። ቀለበቱ ይጠባል። ያኔ ሽንት ለመጀመር መጠበቅ ይመጣል። ጉልበቱ ይቀንሳል። ይቆራረጣል። ጨረስኩ ብላችሁ ሱሪያችሁን ስትቆልፉ ጠብ ይላል። ፊኛ ሙሉ በሙሉ ስላልተራገፈ ቶሎ እንደገና ይሞላል፤ ሌሊትም ይቀሰቅሳችኋል።

ይህ እድገት በራሱ ካንሰር አይደለም። ልብ በሉ! ካንሰር አይደለም። እጢውን የሚያላላ ኪኒን አለ። ኪኒን ካልበቃው ቀዶ ሕክምና አለ። እኔ ዎርድ ሳለሁ ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ተደርጎላቸው፣ አልቅሰው የገቡ አባቶች ስቀው ሲወጡ አይቻለሁ። ግን ካንሰርም እዚያው እጢ ላይ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል። ሲሰራጭ የሚወደው ቦታ አጥንት ነው፤ በተለይ አከርካሪና ዳሌ። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ አባት አዲስ የወገብ ህመም ከጀመረው፣ ህመሙ ተኝቶም የማይለቅ፣ ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ ሽንቱም ከተለወጠ፣ ቅባት አይደለም የሚያስፈልገው። ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። የደም ምርመራ አለ። ሐኪሙ በጣት የሚያደርገው ምርመራ አለ፤ ደቂቃ አይፈጅም። አባቶቼ፣ በዚያች ደቂቃ ማፈር ነው የሚሻለው ወይስ ልጆቻችሁን ማየት? አባት ወይም ወንድም በዚህ በሽታ የታመመበት ሰው ደግሞ 45 ሲሞላው ሐኪሙን ይጠይቅ። የእኔን ወንድሞች እየጎተትኩ ነው የወሰድኳቸው።

አራተኛ፣ ስኳር።

አንዲት ጎረቤቴ ነበረች፣ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን ያሳደገች። ቀኑን ሙሉ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ ትውላለች። ወገቧን ያማታል። ሌሊት አራቴ ትነሳለች። አንድ ቦታ ሄዳ «የሽንት ኢንፌክሽን ነው» አሏትና መድኃኒት ሰጧት። አልለቀቃትም። ተመለሰች፣ ሌላ መድኃኒት ሰጧት። ለሦስተኛ ጊዜ ሰጧት። ሦስቱንም ጊዜ ሽንቷ አልተመረመረም፤ ደሟም አልታየም። እኔ ቤት ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ አቦሉ ሳይወርድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች። አየኋት። ጉንጯ ሟሟል። «ውሃ ይጠማሻል እንዴ?» አልኳት። «እንደ ግመል ነው የምጠጣው» አለች። በማግስቱ ሳትበላ ስኳሯ ተለካ። ባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት ልኬት ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። የእሷ ከዚያ በጣም ያለፈ ነበር።

ለምን ያሸናል? ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ፣ 180 ገደማ ሲያልፍ፣ ኩላሊት መያዝ ያቅተዋል። ስኳሩ ወደ ሽንት ይፈሳል፣ ሲፈስ ውሃ ይዞ ይወርዳል። ሰውየው ውሃ ይጠማዋል። ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ይጠጣል፣ ይሸናል። ድሮ እናቶች «ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሰፈረ» የሚሉት ይህንን ነው። ስኳር ያለበት ሰው ኢንፌክሽንም ቶሎ ይይዘዋል።

የጎረቤቴ ወገብስ? ወገቧን ያመማት ምጣዱ ነው። ምጣዱን ከፍ ባለ መደብ ላይ ስታደርገው ተሻላት። ሁለት ምልክት፣ ሁለት ምክንያት። የአባቴ ሁለት ምልክት፣ አንድ ምክንያት። ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ቤት ቁጭ ብለን መለየት አንችልም።

አምስተኛው አከርካሪ ራሱ ነው። እባካችሁ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ምክንያቱም ሰዓት የሚቆጠርበት ነገር ነው።

ፊኛን የሚያዙ ነርቮች በአከርካሪ ውስጥ አልፈው በወገብ በኩል ነው የሚወጡት। ዲስክ ተንሸራቶ ወይም ሌላ ነገር አድጎ እነዚህን ነርቮች ከተጫነ፣ ፊኛ መልእክት አይደርሰውም። ይሞላል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ሮቶ ሞልቶ ሲያፈስ አይታችሁ የለ? ውሃው በዝቶ ይፈሳል እንጂ ሮቶው ባዶ እየሆነ አይደለም። ሰውየው «ሽንቴ በዛ፣ ቶሎ ቶሎ ያመላልሰኛል» ይላል። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሽንቱ ታግዷል።

አንድ የቡና ጆንያ የሚሸከም ወጣት አልረሳም። ሂርማታ ገበያ ሲያወርድ ወገቡ ቀጭ አለ። ጓደኞቹ ጀርባውን አሹት። ማታ «ሽንት ያመላልሰኛል፣ ግን ትንሽ ትንሽ ነው» አለ። በማግስቱ ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። ያመጣው ወንድሙ ነው። ስንነካው መቀመጫው አካባቢ ደንዝዟል። ሐኪሞች ይህንን የኮርቻ ድንዛዜ ይሉታል፤ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ኮርቻውን የሚነካበት ቦታ ስለሆነ። እኛ የጅማ ሰዎች ኮርቻን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገንም፤ የንጉሣችን የአባ ጅፋር ስም እንኳ የፈረስ ስም ነው። ካቴተር ሲገባለት ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ። ጤናማ ፊኛ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሲይዝ ነው ሽንት ሽንት የሚለው። ያ ልጅ ቶሎ ተቀዶ ዛሬ ይራመዳል። ሁለት ቀን ቆይቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልልም ነበር።

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ። የወገብ ህመም ኖሮ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳታውቁት ከፈሰሰ፣ ወይም መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር ከከዳችሁ፣ ነገ አትበሉ። እሁድ ነው፣ ሰኞ እንሄዳለን አትበሉ። ወጌሻ ጋ አትሂዱ። ወጌሻን ንቄ አይደለም፤ ስንት ሰው ያሳረፉ አሉ። ይህኛው ግን በእጅ የሚቃና ነገር አይደለም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል!

አከርካሪ ላይ ሌላ የሚሸሸግ አለ፤ ቲቢ። ቲቢ ሳንባ ብቻ ይመስለናል። አጥንትም ይገባል፤ አከርካሪን ይወዳል። ቀስ ብሎ፣ በወራት፣ ጀርባ ያማል። ማታ ማታ ያልባል። ሰውነት ይከሳል። ሲቆይ ጀርባ ይጎብጣል፣ ነርቭ ይጫናል፣ እግርና ሽንት ይነካል። ቲቢ ኩላሊትና ፊኛ ውስጥም ይገባል፤ ያኔ ሽንት ያመላልሳል፣ በተለመደው የኢንፌክሽን መድኃኒትም አይለቅም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ረጅም ወራት ይወሰዳል፣ ግን ያድናል። ሁለት ወር ያለፈው የጀርባ ህመም ከላብና ከክሳት ጋር ያለበት ሰው፣ «ቲቢ ይሆን?» ብሎ ይጠይቅ። መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሬ ወተት የምትጠጡ ደግሞ፣ ከላም የሚተላለፍ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታም ወገብንና መገጣጠሚያን ያማል፣ ያተኩሳል፣ ያልባል። ወተቱን አፍሉት። እንደሚጣፍጣችሁ አውቃለሁ። አፍሉት።

ማዮማ የሚባለው የማህፀን እጢና የማህፀን መውረድም ወገብ ያከብዳሉ፣ ፊኛ ይጫናሉ። ይህንን ከእናቶች ጋር ለብቻችን እናወራዋለን።

አሁን ወደ ቤታችን ልምድ ልምጣ።

ጅማ ተቀምጬ ቡና ተዉ አልላችሁም። ማንም አይሰማኝም፤ እኔም አልተውም። ግን እስቲ ሰዓቱን እንይ። ማታ 2 ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ የተኛ ሰው ሌሊት ቢነሳ ይገርማል? ቡና ሽንት ያበዛል፣ ፊኛን ይቆነጥጣል፣ እንቅልፍ ያሳሳል። የማታውን ቡና ወደ 10 ሰዓት አምጡት። ለሁለት ሳምንት ብቻ ሞክሩትና እዩ። ጫት የምትቅሙ ደግሞ፣ ጫት የፊኛን አፍ ያጠብቃል፤ ሽንት ቀጥኖ በግድ ይወጣል። ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ውሃና ለስላሳ አለ። ረጅም ሰዓት ጎንን ደገፍ አድርጎ መቀመጥ አለ። ወገብም ሽንትም እዚያው ይበላሻሉ። ፕሮስቴት ያለበት አባት ሲሆን ደግሞ ሽንቱ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል።

ማታ ካልሲ ስታወልቁ እግራችሁ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ይቀራል? ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ስትተኙ ወደ ደም ይመለሳል። ኩላሊትም ሌሊቱን ሽንት ያደርገዋል። ይህ ከልብ ወይም ከኩላሊት ሊሆን ስለሚችል ይታይ። የደም ግፊት ኪኒን ከምትወስዱት መካከል አንዳንዱ የሚያሸና ነው። በየትኛው ሰዓት እንደሚወሰድ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። እያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ የሚልበት ሰውም ሌሊት ሽንት ይበዛበታል። ይህንን የምታውቀው አጠገቡ የምትተኛው ሚስት ናት። ንገሪልን።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ራሳችሁን ጠይቁ። የቀሰቀሳችሁ ሽንቱ ነው ወይስ ህመሙ? ወገቡ ያነቃው ሰው «ከነቃሁ አይቀር» ብሎ ሽንት ቤት ይሄዳል። ጠዋት ሲጠየቅ «ሦስቴ ሸናሁ» ይላል። እዚያ ላይ ሽንቱ በሽታ አይደለም። መታከም ያለበት ወገቡ ነው።

ስለ ማስታገሻ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን። ወገብ ባመመ ቁጥር ከፋርማሲ እየተገዛ ይዋጣል። ለጥቂት ቀን፣ በሐኪም ምክር፣ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ለወራት ሲወሰዱ ግን ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ በተለይ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ዕድሜ ካለ። አስቡት እንግዲህ። ሰውየው «ኩላሊቴ ነው» ብሎ የሚውጠው ኪኒን ኩላሊቱን ሲያደክም! ይህ ያንገበግበኛል። ደግሞ «ኩላሊት ካመመህ ውሃ ጠጣ» ተብሎ ማታ ሦስት ሊትር የሚጠጣ አለ። ውሃ ቀን ነው የሚጠጣው። እግሩ ያበጠ፣ ልቡ የደከመ ሰውማ ስንት እንደሚጠጣ ሐኪሙ ይንገረው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ቀን ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። አንድ ባዶ ሃይላንድ ቁረጡ፤ ግማሽ ሊትሩ የት ድረስ እንደሆነ ምልክት አድርጉበት። በሸናችሁ ቁጥር ስንት እንደሆነ እዩ። በየጊዜው ብዙ ብዙ ከሆነ ወደ ስኳር፣ ወደ እግር እብጠት፣ ወደ ማታው መጠጥ ያመለክታል። ቶሎ ቶሎ ሆኖ ትንሽ ትንሽ ከሆነ ወደ ፊኛ፣ ወደ ኢንፌክሽን፣ ወደ ፕሮስቴት፣ አልፎም ወደ ነርቭ ያመለክታል። ይህቺ ወረቀት ሐኪሙን ግማሽ መንገድ ታደርሰዋለች።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጤና መድህን ደብተራችሁን ያዙ። የሽንት ምርመራ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ሥራ የሚለካ ደም፣ እንደ ሁኔታው አልትራሳውንድ። ካስፈለገ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይልኳችኋል፤ ቅርባችን ነው። ሽንታችሁን ሳይመረምሩ «ኢንፌክሽን ነው» ካሏችሁ በትህትና «ሽንቴ ይመርመርልኝ» በሉ። መብታችሁ ነው። ሽንቱ ደም ከመሰለ ደግሞ፣ ባያምም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ ዝም አትበሉ።

እዚያ ጋ እጃቸውን ያወጡ አባት አሉ። ይናገሩ ጋሼ።

(አንድ አባት ተነስተው እንዲህ አሉ፦ «ሲስተር፣ ያልሽው ሁሉ ገብቶኛል። ግን ካርድ ክፍል ሰው ተሰልፎ፣ ውስጥ ደግሞ የልጄ እኩያ የሆነች ልጅ ተቀምጣ፣ እኔ ስለ ሽንቴ እንዴት አወራለሁ?»)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴም ይህንን ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ! አይናገሩ። ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሁለት መስመር ይበቃል። «ወገቤን ከጀመረኝ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖኛል። ሌሊት ይህን ያህል ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ።» ገብተው ወረቀቱን ይስጧት። አንብባ የምትጠይቅዎትን ብቻ ይመልሱ። ወንድ ሐኪም እፈልጋለሁ ማለትም ይችላሉ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ መጥቻለሁ። የደም ግፊት መለኪያዬም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መዋጮው ሲያልቅ እዚያ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ሰው የማይሰማበት ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ መጀመሪያ ይምጡ። አብረን እንጽፋለን።